ስምንት ሲሞላ ያርፋል

ቲቸር ካሳ አረፈ። መጀመሪያ ይሄን ጻፊ።

የሰማነው ትናንት ነው። ከአስር ሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን በሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተን ተቀምጠናል፤ እኔ፣ ሙናና ሌሎቹ የሰፈር ሴቶች። ከሐርላ ሰው ጭኖ የመጣ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እናቶች፣ ድሮ እዚህ ግቢ የነበረው አስተማሪ አረፈ። ጠዋት ቀበርነው። እኔንም አስተምሮኛል» አለን። ሙና ከምትቀነጥሰው ጎመን ቀና እንኳን አላለችም። «መርዘኛው?» አለች። «እሱ ራሱ ነዋ» አለች አንዷ። «እስካሁን ነበረ እንዴ?» አለች ሌላዋ። ሹፌሩ አንድ በአንድ አየን። ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሴቶቹ ወደ ቲማቲማቸው ወሬ ተመለሱ።

እኔ ዝም አልኩ። አስራ ስድስት ዓመት ዝም ያልኩትን ትናንትም ዝም አልኩ።

አንቺም ሂክማ በዚሁ ስም ነው የምታውቂው። መርዘኛው ቲቸር፣ አያቴን ሊገላት የነበረ። አትፈሪ፣ ስሙን ያስያዝንሽ እኛ ነን። አሁን የምልሽን ብቻ ጻፊ። አያቴ አታነብም ብለሽ እንዳታሳምሪው፣ እንዳታሳጥሪውም። ወረቀት አላምንም እኔ። እስቲ እስካሁን ያልኩትን መልሰሽ አንብቢልኝ።

ሃዬ። ቀጥይ።

ሰውዬው የመጣው አባትሽ ጀማል እናትሽን ነጃትን ባገባ ሰሞን ነው። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ክፍል ባዶ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከደጋ የመጣ ሰው፣ በድሬ ሙቀት ሹራብ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ሹራብ! እዛው ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ የሚከራይ ክፍል እንዳለዎት ሰምቼ ነው» አለኝ። እንዳለዎት ሲለኝ ዞሬ ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ አየሁ። ድሬ ውስጥ ማን ማንን አንቱ ይላል? እኛ ሀጂውን አንተ፣ ዳኛውን አንተ፣ ፈጣሪንም አንተ ነው የምንለው። አንቱ የሚልሽ ሰው ወይ የሚሸጥልሽ ነገር አለው፣ ወይ የሚደብቅሽ።

«አዴ ዘይነባ በለኝ፤ አንቺ በለኝ» አልኩት።

«እሺ አዴ፣ እንዳሉ» አለኝ።

እንዳሉ!

ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። ኬሚስትሪ ምንድነው ብዬ ጀማልን ጠየቅኩት። «መቀላቀል ነው እማ» አለኝ። «ምን ከምን?» «ሁሉንም ከሁሉም።» ይሄም አላማረኝም።

ሰውዬው ክፉ ነገር ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ያስቸግራል። ማንም ሳይጠይቀው ያርማል። ሻይሽ ላይ ስኳር ጨምረሽ «ቀለጠ» ካልሽ፣ «መቅለጥ አይደለም፣ መሟሟት ነው። የሚቀልጠው በረዶ ነው» ይልሻል። ሻይ የጋበዝኩት እኔ! ሲያስረዳ የቀኝ እጁን ጣቶች ይሰበስብና፣ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው ብትን ያደርጋቸዋል። ደግሞ ምንም ነገር ብቻውን አይቆምም ይላል። «አየር ብቻውን አይደለም፣ ውሃ ብቻውን አይደለም፣ ሁሉም ከአንድ ነገር ጋር ተያይዞ ነው» ይላል። እሱ ራሱ ግን ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ብቻውን ነበር። ይሄንንም ጠርጥሬዋለሁ።

አንዴ ሀጂ ዩሱፍ፣ የአያትሽ ጓደኛ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከመካ ተመልሶ ዘምዘም ውሃ ይዞልን መጣ። ለእያንዳንዳችን በትንሽ በትንሹ ሲያድለን ካሳም ተሰጠው። ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ጠጣ። ጠጥቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? «ውሃ የትም ውሃ ነው ሀጂ፤ ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክሲጅን» አለ። ጀማል ከተቀመጠበት ሊነሳ ነበር። ሀጂ ግን ሳቅ አለና «ሃዬ ቲቸር፣ ሦስቱን ማን አገናኛቸው?» አለው። ካሳ ጣቶቹን ሊበትን አነሳና መልሶ አወረዳቸው። «እሱን አልተማርኩም» አለ። ሲሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት ከሰዓት ተማሪዎች ግቢያችን ይመጡ ነበር። ከሳቢያን፣ ከመጋላ፣ ከየትም። ታንከሩ ጥላ ስር ድንጋይ ላይ ይደረደራሉ፤ እሱ ጥቁር ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል። እኔ መጋረጃዬን ሳብ አድርጌ ከውስጥ እሰማለሁ። ቤቴ ነዋ፣ ለምን አልሰማ? ልጆቹ እንደ ቁርአን ቤት ልጆች እየተወዛወዙ በዜማ «ሄ! ሊ! ቤ!» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እሱ «አስራ አንደኛው?» ይላቸዋል። ሁሉም በአንድ አፍ «ና!» «አልሰማሁም፣ ማን?» «ና!»

ማንን ነው የሚጠሩት? በሩን አየሁ። የሚመጣ የለም። በማግስቱም እንዲሁ፤ «ና! ና!» ይጮሃሉ፣ ማንም አይመጣም። ወይም ይመጣል፣ ለእኔ አይታይም።

ሳቂ፣ አንቺ ሳቂ። አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ ታውቂያለሽ፤ ሶዲየም የሚባለው ነገር ምልክቱ ና ነው፣ የጨው ግማሽ ነው። ለእኔ ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? እኔ የማውቀው ና ማለት ና ማለት እንደሆነ ነው። ልጆቹም «ቲቸር ና» እያሉ ይጠሩት ነበር። ጥሪው የሱ እንደሆነ ስሙ ራሱ መሰከረልኝ።

ሌላው የማንቆርቆሪያው ነገር ነው። የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ይወልዳል። ነጩን ቅርፊት በቢላ እየፋቅሁ ሳለ ካሳ መጣና «አይጣሉት አዴ፣ ለእኔ ይስጡኝ» አለኝ። ቆሻሻ የሚለምን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰጠሁት። ብርጭቆ ውስጥ አደረገው፣ ሎሚ ጨመቀበት። ዋላሂ፣ ፈላ። እሳት የለ፣ ክሰል የለ፣ እፊቴ ብጭ ብጭ እያለ ፈላ። ወደ ኋላ ስሸሽ ሰሃን ሰበርኩ።

«አይፍሩ» አለኝ። «ተያይዘው የነበሩት እየተለያዩ ነው። አንደኛው ነፋስ ሆኖ እየወጣ ነው።»

ነፋስ! እዚህ ሰፈር ነፋስ መታው ማለት ጂን ያዘው ማለት እንደሆነ አያውቅም ይሆን? ወይስ አውቆ ነው? ያን ቀን ማታ ቤቱን ሁሉ ቁርአን አስቀራሁበት።

ግን እኔ ፈሪ አይደለሁም። አንድ ቀን ሽንብራ ስለቅም ጠራሁትና «ቁጭ በል» አልኩት። «ይሄ አቶም አቶም የምትሉት ሰውዬ ማነው?»

«ሰው አይደለም አዴ። ሁሉ ነገር የተሠራበት ቅንጣት ነው። ጨውም፣ ወንበሩም፣ እርስዎም፣ እኔም።»

«የት አለ? አሳየኝ።»

«አይታይም።»

«አየሽ!» አልኩ ለራሴ። የማይታይ ነገር።

ከሰፌዱ አንድ ሽንብራ አነሳ። «መሀሉ ላይ አስኳል አለው» አለ።

«እንደ እንቁላል?»

«እንደ እንቁላል። ግን ይሄ ሽንብራ አስኳሉ ቢሆንና ለገሃር በር ላይ ብናስቀምጠው፣ በዳር የሚዞሩት ኤሌክትሮኖች ደቻቱ ድልድይ ጋ ናቸው።»

«መሀሉስ?»

«ባዶ።»

«ከለገሃር እስከ ደቻቱ ባዶ? መሀል ያለችው ከዚራ የት ሄደች?»

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ልጅ ያስመስለው ነበር። እኔ ግን አልጨረስኩም። «ሁሉ ነገር መሀሉ ባዶ ከሆነ እጄ ለምን በግድግዳው አያልፍም?» አልኩትና ግድግዳውን ጠፈጠፍኩ። ሳቁን አቆመ።

«አዴ፣ ስንት ዓመት ሳስተምር ይሄን የጠየቀኝ ተማሪ የለም» አለ። «በእጅዎ ዳር ያሉት በግድግዳው ዳር ያሉትን ይገፏቸዋል። አይተላለፉም። ሥራው ሁሉ የዳሮቹ ነው። የሚሰጠውም የሚወሰደውም ከዳር ነው፤ አስኳሉን ማንም አይነካው።»

ደስ አለኝ። እኔ ደጃፉን ያልረገጥኩትን ትምህርት ቤት እንደረገጥኩ ሆነልኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ጠረጠርኩ። ሰው ሲያሞግስሽ እጁ የት እንዳለ እዪ፤ ይሄን እናቴ ናት ያለችኝ።

ከዚያ እናትሽ አረገዘች። ጀማልና ነጃት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባቸው ነበር፤ ይሄን አንቺ አታውቂም፣ ጻፊው። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። እናትሽ ባልዲ እንዳታነሳ፣ ደረጃ እንዳትወጣ፣ እኔ እንደ ዘበኛ ነበርኩ። ወር ሲገፋ ሆዷ እያየለ ሲመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ከመጋረጃዬ ጀርባ ሆኜ ይሄን ሰማሁ፤

«ና ስንት ይሰጣል?» ይላቸዋል እሱ።

«አንድ!»

«ለማን?»

«ለክሎር!»

«ክሎር በዳሩ ስንት አለው?»

«ሰባት!»

«አንድ ሲቀበልስ?»

«ስምንት!»

«ስምንት ሲሞላ?»

«ያርፋል!»

ያ ረቢ። ክሎር የሚባለውን አላውቀውም፤ ግን አንድ ሲሰጡት ይቀበላል። ሰባት አለው፣ ስምንተኛውን ይጠብቃል። ስምንት ሲሞላ ያርፋል። ማረፍ ማለት ለእኔ መሞት ነው፣ ሌላ ምን ነው? የግቢውን ሰው ቆጠርኩ። እኔ፣ ጀማል፣ ነጃት። ልብስ ሰፊው አብዱ፣ ሚስቱ ሙና፣ ልጃቸው። ካሳ። ሰባት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሰባት። ስምንተኛዋ ሆድ ውስጥ ነች።

ለሙና ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ኧረ አቦ አዴ!» አለች። ወዲያው ደግሞ «እኔም እኮ ጠርጥሬዋለሁ፤ በሙቀት ሹራብ የሚለብስ ሰው» አለችኝ። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ለሁለት ስትሆኑ እውነት ይመስላል። ለጀማል ግን አልነገርነውም። እሱ ይስቅብናል፣ ካልሳቀ ደግሞ ይማታል።

ሰውዬውን ውጣ ልለው ፈለግኩ፤ ምን ብዬ? ምን አደረግኩ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? እንዲሁ እየተብሰለሰልኩ ሳለ ከቀፊራ ገበያ ስመለስ በር ላይ አገኘኝ። ዘንቢሌን ልያዝልዎት ብሎ ተቀበለኝ። በረኪና ነበር ውስጡ፣ የሽንት ቤት ማጠቢያ አሲድም ነበር። ሁለቱን ጠርሙሶች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ዋላሂ ሲለወጥ አይቻለሁ።

«አዴ፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያደርጓቸው። በፍጹም! አንድ ዕቃ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ውስጥ አያገናኟቸው።»

«ለምን?»

«ክሎር ይወጣል።»

በቃ። ይሄን ነበር የጠበቅኩት። ያ ስምንተኛውን የሚጠብቀው ክሎር ይወጣል! ሰውዬው እነዚህን ሁለት ነገሮች ይፈራል፤ ሲደባለቁ ያ የጠራው ነገር ከቤቱ ይወጣል ማለት ነው። እሱ እንዳይወጣበት ይፈልጋል፣ እኔ እንዲወጣልኝ እፈልጋለሁ። ፈሪ ሰው መድኃኒቱን በራሱ አፍ ይነግርሻል ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ ጻፊ። አስራ ስድስት ዓመት ማንም ያልሰማው ይሄ ነው።

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጠበቅኩት። የክፍሉ ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ባልዲ ይዤ ገባሁ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩን ዘጋሁ፤ ያ ነገር ወደ እናንተ ክፍል እንዳያመልጥ። ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ቢስሚላህ አልኩና በረኪናውን ገለበጥኩ። አሲዱን በላዩ ላይ ገለበጥኩ።

ወጣ። እውነትም ወጣ። ቢጫ ነው አረንጓዴ፣ እንደ ጢስ ያለ ነገር ከባልዲው ተነሳ። ዓይኔን እንደ በርበሬ ለበለበው። ልተንፍስ አፌን ከፈትኩ፤ የገባው አየር አልነበረም፣ ቢላ ነው። በሩ የት እንዳለ ጠፋኝ። ግድግዳ ዳሰስኩ፣ ወደቅኩ። አላህዬ፣ ወጣልኝ ያልኩት ጂን ደረቴ ላይ ተቀምጧል እያልኩ ነበር።

ከዚያ በሩ ተበረገደ፤ ካሳ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ነው። «ውጪ! ውጪ አንቺ ሴትዮ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንቺ አለኝ። በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ በብብቴ ስር ገብቶ ጎተተኝ። ግቢው መሀል ላይ ጥሎኝ ተመልሶ ገባ፤ መስኮቱን ከፈተ፣ ባልዲውን ይዞ እየሳለ ሮጠ፣ ጓሮ ደፋው፣ ከታንከሩ ውሃ እየቀዳ ደጋግሞ አጠበው። ጠርሙሶቹን አየ። እኔን አየ። ሁሉም ገብቶታል። ጠርሙሶቹን ከደነና አንዱን ከአንዱ አርቆ አስቀመጠ።

ጎረቤት ሲሰበሰብ ያየው ምንድነው? እኔ መሬት ላይ ተዘርሬ ሳስል፣ እሱ ባልዲ ሲያጥብ። ሙና ጩኸቷን ለቀቀችው። «ምን አደረግካት? አዴን ምን አጠጣሃት?» ጀማል አንገቱን ያዘው። እኔ እጄን አነሳሁ፣ ድምፅ የለኝም። እጄን ያነሳሁት ተዉት ለማለት ነው። እነሱ ግን እሱን እየጠቆመች ነው አሉ። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።

ድምፄ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ያለው የጢሱ ጥፋት አይደለም።

ሀጂ ዩሱፍ ሽማግሌዎች ሰብስቦ ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ስር አስቀመጠን። ነጃት መስኮት ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ታያለች። ሙና ተነስታ «ባልዲውን ራሱ ሲያጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። ንጹሕ ሰው ማስረጃ ያጥባል?» አለች። ሰዉ አጉረመረመ። ሀጂ ወደ ካሳ ዞረ።

«ቲቸር፣ ክፍልህ ውስጥ ምን ነበር?»

«ክሎሪን የሚባል የሚያፍን ጋዝ ነው ሀጂ።»

«ማን አመጣው?»

ካሳ አየኝ። አልጠቆመኝም፣ አየኝ ብቻ። ለአንድ ቃል የሚበቃ ጊዜ ሰጠኝ። ሀጂም አይቶ «ሃዬ ዘይነባ፣ አንቺ ተናገሪ» አለኝ።

«ልጠርግለት ገባሁ» አልኩ። «አፈነኝ። ሌላ አላውቅም።»

ልጠርግለት። ይሄን ቃል አስምሪበት።

«አንተስ?» አለው ሀጂ።

«አዴ ያሉት ነው» አለ።

ጀማል ፖሊስ ይጠራ አለ፤ ሀጂ ከለከለ። በሦስት ቀን ይውጣ ተባለ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ታንከሩ ስር አንድ ተማሪ አልመጣም። ወላጅ ሁሉ ልጁን ከለከለ፤ ወሬው ትምህርት ቤቱም ደረሰ። ሰሌዳውን ራሱ ተሸክሞ ጋሪ ላይ ጫነ። «ደህና ይሁኑ አዴ፤ ሳልዎ ካልተሻለዎት ሐኪም ቤት ይመለሱ» አለኝ። ወደ ሐርላ ነው የሄደው፣ እዛ ትምህርት ቤት። ከበስተኋላው ቆሜ ሳየው ምን አሰብኩ መሰለሽ? ለምን ዝም አለ? ምን ፈልጎ ነው? አንድ ቀን መጥቶ ሊያስከፍለኝ ነው አልኩ። ያተረፈኝን ሰው ስላተረፈኝ ጠረጠርኩት።

አንቺ ተወለድሽ። ደህና ተወለድሽ፣ እናትሽም ደህና ሆነች። ማንም አልሞተም። ያኔ እንኳን ልቤ አልተመለሰም፤ እሱ ወጥቶ ስድስት ሆነን ነበር፣ አንቺ ሰባተኛ ሆንሽ፣ ስምንት ስላልሞላ ነው አልኩ። አየሽ፣ የሚጠራጠር ሰው ሒሳብ አይጎድልበትም።

ስድስት ዓመት ሲሆንሽ ለዒድ ጫማ ልገዛልሽ ታይዋን ገበያ ወሰድኩሽ። አታስታውሺውም። በዚያ ግፊያ መሀል ካሳን አየሁት፤ ባትሪ ድንጋይና ትንንሽ አምፖል ይመርጣል፣ ለተማሪዎቹ። ሹራቡ የለም። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ልሸሽ ነበር፣ አንቺ ግን የጫማ ሱቁ መስኮት ላይ ተለጥፈሽ አልንቀሳቀስ አልሽ። አየኝ።

«አዴ! ሳሉ ተሻለዎት?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከሰላምታ በፊት ስድስት ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። «ስምንቱ እነማን ነበሩ?» አልኩት።

«የቱ ስምንት?»

«ስምንት ሲሞላ ያርፋል የምትሉት። የግቢያችን ሰው ሰባት ነበር። ስምንተኛዋ ይቺ ናት» ብዬ አንቺን አሳየሁት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቁ ያዘው፤ ባትሪ ድንጋዩ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ፣ የሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፣ እንባውን ጠረገ። «አዴ፣ ኤሌክትሮን እኮ ነው! በዳሩ ስምንት ሲሞላለት አርፎ ይቀመጣል ማለት ነው፣ ሌላ አይፈልግም። ክሎር ብቻውን ሲሆን ያፍናል፤ ከና አንድ ሲያገኝ ያርፋል፣ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናል» አለኝ። አርፎ ይቀመጣል! ይሄን ሁሉ ያመጣሁት በአንድ ቃል ነው።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት።

«ለዚህ ነው እንዴ?» አለ። «ባልዲው… ለዚህ ነው?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሰዉ እየገፋን ያልፋል፤ «ወሪያ፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላል አንዱ ካርቶን ተሸክሞ።

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ?» አልኩት። «ታውቅ ነበር።»

«ብናገር ማን ያምነኛል? እርስዎ የግቢው እናት፣ እኔ ተከራይ። ነጃት ደግሞ በዚያ ሁኔታ ላይ። ከዳር ያለው ነው የሚሄደው አዴ፤ መሀሉ ቢነካ ሁሉም ይበተናል።» ጣቶቹን ሰብስቦ ብትን አደረጋቸው። «ግን ልጆቹ ቀሩብኝ። እሱ ነው ያልረሳሁት።»

አሽሙር ይሁን ትምህርት እስከ ዛሬ አልለየሁም። ያኔም ፊቱን እመረምር ነበር፤ አሁን ነው የሚጠይቀኝ፣ አሁን ነው የሚያስከፍለኝ እያልኩ። እውነትም ጠየቀኝ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ለሰው ይንገሩ። ስሜ እንዲጸዳ ብዬ አይደለም። ያ ግቢ፣ ያ ሰፈር፣ እስካሁን ካሳ መርዝ ነበረው ብሎ ነው የሚያምነው፤ መርዙ ካሳ ጋር የሄደ ይመስላቸዋል። ሁለቱ ጠርሙሶች ግን በየቤቱ አሉ። አንዷ አንድ ቀን ታገናኛቸዋለች።»

«ዋላሂ እነግራለሁ» አልኩት።

በአላህ ስም ምዬ ከታይዋን ወጣሁ፣ ጫማሽን ገዛሁልሽ፣ ቤቴ ገባሁ፣ አልተናገርኩም። አስር ዓመት። ነገ እላለሁ። ሀጂ ዩሱፍ ሲታመም ለሱ ልነግረው አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ «ምን ሆነሻል ዘይነባ?» አለኝ፣ «ምንም» አልኩት፤ ሞተ። አሁን ካሳም ሞተ። የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሴቱ ሁሉ ለጁምዓ ቤቱን የሚያጥብበት ቀን። ጠዋት ሙና ከቀፊራ ስትገባ ዘንቢሏን አየሁ፤ በረኪናም አለ፣ አሲድም አለ። «ሽንት ቤቱ አስቸገረኝ አዴ፣ ዛሬ ሁለቱንም ነው የማፈስበት» አለችኝ እየሳቀች። አታድርጊ ልላት አፌን ከፈትኩ። ለምን? ትለኛለች። አታድርጊ ማለት ቀላል ነው፣ የ«ለምን?» መልሱ ነው እኔ ውስጥ የተቀበረው። ስለዚህ ዶሮዋን ልታባርር ዞር ስትል አሲዱን ከዘንቢሏ አወጣሁት።

አትደንግጪ። ይኸው፣ ቀሚሴ ስር ነው፤ ክዳኑ የጠበቀ ነው። ይሄን ሁሉ ያስጻፍኩሽ እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው።

ስሚያት፣ እየፈለገች ነው። የአብዱን የስፌት ቤት ልጆች ትጠይቃለች። ነጃትን ትጠይቃለች። አሁን ከቀፊራ ያመጣትን የባጃጅ ልጅ ሌባ እያለች ነው። እኔ ጋ አትመጣም። ሂክማ፣ እኔን በዚህ ሰፈር ማንም ጠርጥሮኝ አያውቅም።

«አሲዴን ማን ወሰደው?» ትላለች።

እጄን ያዢኝ፣ አንሺኝ። ወረቀቱን አንቺ ያዢ፣ ጠርሙሱን እኔ እይዛለሁ። ሁሉንም ጥሪያቸው፤ ጮክ ብለሽ ነው የምታነቢው። «ልጠርግለት» የሚለው ጋ ስትደርሺ አቁሚ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ራሴ በአፌ እነግራቸዋለሁ።